ኔልዳ ያቋረጠችው መዝሙር

ሮስኮ ዶኪንስ በየእሑዱ ሚስቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል፤ እሱ ግን አይገባም። አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፑን ከኦክ ዛፉ ጥላ ሥር ያቆምና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከወረቀት ከረጢት ቅቅል ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ዝማሬውንም ስብከቱንም ከውጭ ይሰማል። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን እስከ ግማሽ ይዘጋል። ይህን ልማድ የጀመረው እኔ ፀጉር አስተካካዩ ዊልበርት፣ ራሴ ላይ የሚስተካከል ፀጉር በነበረኝ ዘመን ነው።

ሚስቱ ኔልዳ ውስጥ ፒያኖ ትጫወታለች። የናባው ተራራ ቤተ ክርስቲያናችን የጥቁሮች ነው፣ ኔልዳ ደግሞ ነጭ ናት። ይህን የማነሳው እናንተ ስለማታይዋት ነው እንጂ እኛ ዘንድ ወሬነቱ ካለቀ ቆይቷል። እኛ የምናወራው ስለ ኃይለኛነቷ ነው። ፓስተራችን ስብከቱን ሲያስረዝም ኔልዳ ቁልፎቹን መነካካት ትጀምራለች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ካልገባው ጠንከር አድርጋ።

“እህት ኔልዳ፣ ገና ሁለተኛው ነጥቤ ላይ እኮ ነኝ” አላት አንድ ቀን ከመድረክ ሆኖ።

“ሦስተኛውን ለሚቀጥለው እሑድ ያቆዩልን፣ ፓስተር። ዶሮው እየቀዘቀዘ ነው” አለችው። ሕዝቡ ሁሉ “አሜን” አለ። ሮስኮም ከመኪናው ውስጥ “አሜን” ሲል ተሰማ።

አባቷ ሚስተር ሄምብሪ የጥጥ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ይጠግን ነበር። ያደገችው ከሳውዝ ካሮላይና የፋብሪካ መንደሮች በአንዱ ነው፤ ጣቶቿም ወፋፍራምና ጠንካራ፣ የሠራተኛ ሰው ጣቶች ናቸው። በነዚህ ጣቶች ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ምሳ አብስላለች፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ ሻርለት ከተማ ልካለች፣ የመንደራችንን ልጅ ሁሉ፣ ተሰጥኦ ያለውንም የሌለውንም፣ ፒያኖ አስተምራለች። የሌለውን ልጅ እናት ለብቻ ጠርታ “ይሄ ልጅ ኳስ ቢሞክር ምን ይመስልሻል?” ትላለች።

ነገሬን ለመረዳት አንድ ልማዳችንን ማወቅ አለባችሁ። እኛ ባፕቲስቶች ዘንድ ስብከት ሲያልቅ የንስሐ ጥሪ አለ። ሰባኪው እጁን ይዘረጋል፣ ፒያኖው የጥሪውን መዝሙር ይጀምራል፣ ልቡ የወቀሰው ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ወደ ፊት ይሄዳል። ማንም ካልተነሣ መዝሙሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይደገማል። አንድ ኃጢአተኛ ሳያገኝ ቤቱ የማይገባ ሰባኪ ስላለ፣ ምሳ እንዳይዘገይ ብሎ ወንድሙን በክርኑ ጎሸም የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ ደግሞ ከጎኑ ያለ ሰው ክንዱን ይዞ አብሮት ይሄዳል። እኔ አንዴ ጎረቤቴን ደግፌ አድርሼው ነበር። መድረኩ ሥር እንደ ተንበረከከ፣ ያደረበት ውስኪ አልለቀቀው ኖሮ፣ እንቅልፍ ወሰደውና ማንኮራፋት ጀመረ። ቢሆንም ደርሷል። አብሮ የሄደ ሰው በኃጢአተኛው ኃጢአት አይጠየቅም። ፒያኖ ተጫዋቹም የራሱ ሕግ አለው፦ ሰው መንገድ ላይ ሳለ መዝሙር አይቆምም።

አሁን ወደ ኮሌጁ ልምጣ። ሄብሮን ሂል ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያለ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነው። ለብዙ ዘመን የነጮች ብቻ ነበር። መንግሥት ግድ ሲለው ለኛም ልጆች በሩን ከፈተ፤ ሲከፍት ግን ነጭና ጥቁር ተማሪ እንዳይፈቃቀር፣ ተቀጣጥሮም እንዳይገናኝ የሚከለክል ደንብ አወጣ። ለደንቡም ከኦሪት ጥቅስ ፈልጎ ለጠፈለት። ሮስኮ በዚያ በር የገባው ሰባኪ ሊሆን ነው። ኔልዳ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ትማር ነበር፤ ለመመረቅ የቀራት የመጨረሻው መንፈቅ ብቻ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጸሎት ላይ ሮስኮ የመዝሙር መጽሐፉን ረስቶ መጣ። ከጎኑ የነበረችው ኔልዳ የራሷን መሐል ላይ አድርጋ አብረው ዘመሩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ “ረስቶ” መጣ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የመዝሙር መጽሐፍ ይዞ የመጣበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፀደይ ሲገባ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ በዛፎቹ ሥር ጎን ለጎን ሲሄዱ ታዩ፤ ያያቸውም ሮጦ ለዲኑ ተናገረ።

የተማሪዎቹ ዲን ቴርማን ሌድቤተር ይባላል። ረጅም፣ ድምፀ መልካም፣ ሲቆጣም የማይጮህ ሰው ነበር። በማግስቱ ተማሪው ሁሉ ጸሎት ቤት በተሰበሰበበት “በመካከላችን የእግዚአብሔርን ሥርዓት የጣሰ አንድ ወጣት አለ” አለ። “ወደ ፊት ይምጣና ይናዘዝ። ከተናዘዘ ይቅር እንለዋለን።” ከዚያ ወደ ፒያኖው ዞሮ የጥሪውን መዝሙር እንዲጫወቱ አዘዘ። ፒያኖው ላይ የተቀመጠችው ኔልዳ ነበረች። እሷን “ተታልላ ነው” ብለው ነው ያለፏት።

ኔልዳ ተጫወተች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ዲን አዟታል፣ ምን ታድርግ? ሮስኮ ከኋላ ወንበር አልተነሣም። መዝሙሩ ተደገመ፤ አልተነሣም። “አላጠፋሁማ” ይላል ዛሬም ስትጠይቁት። እንደገና ተጀምሮ ሳያልቅ ኔልዳ የመጨረሻው ስንኝ መሐል ላይ እጇን አነሣች። የፒያኖውን ክዳን ዘጋችና ሰው ሁሉ ወደ ፊት በሚሄድበት መተላለፊያ እሷ ከፊት ወደ ኋላ ሄደች። ሮስኮ ዘንድ ደርሳ “ጠጋ በል” አለችው፤ ተጠጋላት፣ ተቀመጠች።

የዚያኑ ዕለት ተባረሩና ሁለቱም ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። አባቷ በር አልከፈተላትም፤ ለዓመታት እንደዚያው ቆየ። የተጋቡት የዚያን ጊዜው ፓስተራችን ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው። ሮስኮ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ሆነ። ስብከት ግን ከዚያ ወዲያ ካፉ አልወጣም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልገባም። “ያስወጡኝ ራሳቸው መጥተው ያስገቡኝ” ነው የሚለው። እኔ እየሄድኩ እተርበዋለሁ።

“ሮስኮ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው እኮ።”

“ለዚህ አይደል እንዴ ውጭ ሆኜ የምጸልየው?” ይለኛል።

ኮሌጁ ደንቡን ከብዙ ዓመት በኋላ ድምፁን አጥፍቶ አነሣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ፤ እነሱ እንዲያውም አልጮኹም። ይቅርታ የሚለው ቃል የተሰማው ያለፈው ዓመት አዲስ ፕሬዝዳንት ሲመጣ ነው። ሰውዬው ወጣት ነው፣ ክፉም አይመስለኝም። ትልቅ የይቅርታ ጉባኤ ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። በበልግ አንድ ከሰዓት በኋላ ከቢሮው የተላከች ማሪቤት የምትባል ልጅ የኔልዳን በር አንኳኳች። የቀዘቀዘ ጣፋጭ ሻይ ተቀዳላት። እኔና ባለቤቴ ክላሪስ እዚያው ነበርን፤ ደግሞ የት እንሄዳለን?

“ፕሮግራሙ በጣም የሚነካ ነው፣ ሚስ ኔልዳ” አለች ልጅቷ። “መጀመሪያ ፕሬዝዳንቱ ይናገራሉ። ቀጥሎ ሚስተር ዶኪንስ በመተላለፊያው ወደ ፊት ይመጡና ፕሬዝዳንቱ ያቅፏቸዋል።”

ሮስኮ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። “እኔ ነኝ የምሄደው?”

“አዎ፣ ከኋላ ተነሥተው…”

“በዚያው መተላለፊያ?”

ልጅቷ ፈገግ አለች። ምን እንደ ጠየቃት አልገባትም፤ ያኔ እናቷም አልተወለደችም ይሆናል። “በመጨረሻም ሚስ ኔልዳ የድሮውን የጥሪ መዝሙር ቢጫወቱልን ብለን አስበናል። ለትዝታ ያህል።”

በል እንግዲህ! ጥሪውን ለበዳይ ሳይሆን ለተበዳይ ሊያስመቱት። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው እንደኛ ዓይነት ሕዝብ ብቻ ነው፤ የንስሐ ጥሪን ከመልመዳችን የተነሣ ማን ማንን እንደሚጠራ መጠየቅ ትተናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሮስኮ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ኔልዳ ግን ልጅቷን ረጋ ብላ አየቻትና “እጫወታለሁ” አለቻት።

ልጅቷ ስትሄድ ሮስኮ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። “ኔልዳ፣ እኔ እግሬን እዚያ አላነሣም።”

“ማን ና አለህ? መኪናውን ብቻ ንዳልኝ።”

“እስከ በሩ።”

“እስከ በሩ” አለች።

በኋላ ክላሪስ ሳህን እያጠበች “ምን አስበሽ ነው?” ብላ ጠየቀቻት። ኔልዳ ነገር አታድበሰብስም። “አርባ ዓመት ሙሉ ፒያኖ ስጫወት ዞር ባልኩ ቁጥር የሮስኮ ቦታ ባዶ ነው” አለች። “ልጆቼ ሲጠመቁም፣ አባቴን ስቀብርም ባዶ ነበር። ሌላ ምንም አልፈልግም። ዕቅፋቸውንም ንግግራቸውንም ይያዙት። ባሌ በጤናው እያለ አንድ ቀን ዞር ብዬ ውስጥ ላየው ነው የምፈልገው። እሱ ደግሞ ካልጠሩት አይገባም። ስለዚህ መጥራት ያለባቸው ሰዎች መነሣት አለባቸው።”

“ባይነሡስ?”

“እጫወታለኋ” አለች።

የጉባኤው ዕለት የኮሌጁ አዳራሽ ሞልቶ ስለ ተረፈ ውጭ ድምፅ ማጉያ ሰቅለዋል። ኔልዳ እሑድ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ገባች። ለኔ ሥራ ሰጥታኛለች፦ ሮስኮ መኪናውን አስነሥቶ እንዳይሄድ መጠበቅ። ስለዚህ ፒክአፑ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ኦቾሎኒውን መሐላችን አኖረው።

ፕሬዝዳንቱ መናገር ጀመረ። “በዚያ ዘመን አንዳንድ ስሕተቶች ተፈጽመዋል” አለ ድምፅ ማጉያው።

“ማን ፈጸማቸው?” አለኝ ሮስኮ።

“እንጃ። ራሳቸው ተሰብስበው ሳይሆን አይቀርም።”

“አንዳንድ ልቦችም አዝነዋል” አለ ድምፅ ማጉያው። ሮስኮ ልጣጩን በመስኮት ወረወረ። ከዚያ ፕሬዝዳንቱ ድምፁን ለስለስ አድርጎ “አሁን ወንድማችን ሮስኮ ዶኪንስ ወደ ፊት ይምጣልን” አለ። ጭብጨባ ተሰማ፤ ጭብጨባው ሳሳ፤ ከዚያ አንድ ሰው ሲያስል ብቻ ተሰማ። ሮስኮ ሌላ ኦቾሎኒ ፈለፈለ። “እንግዲህ…” አለ ፕሬዝዳንቱ፣ “እህት ኔልዳ በመዝሙር ታሳርግልን።”

ኔልዳ ጀመረች።

መዝሙሩን ገና ከመነሻው አወቅነው። በየእሑዱ የምንሰማው ነው፣ ግን እንደዚያ ስትጫወተው ሰምቼ አላውቅም። ቀስ ብላ፣ ሳታስጌጥ፣ ሳትቸኩል ነበር የምትጫወተው። ወደ መጨረሻው ደረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ያዘችው። ሮስኮ ማላመጡን አቆመ። ውስጥ የነበረችው ክላሪስ ኋላ እንደ ነገረችኝ ፕሬዝዳንቱ ከመድረክ ላይ ሆኖ “በቃ፣ እናመሰግናለን” እያለ በእጁ ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ኔልዳ ዓይኗን ከቁልፎቹ አላነሣችም። የኮሌጁ ሽማግሌዎች ጫማቸውን ያያሉ። መዝሙሩ ሲደገም አዳራሹ ውስጥ ነገሩ ያልገባው አንድም ሰው አልነበረም። በዚያ ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ ያ መዝሙር ሲመታ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፦ የበደለ ይነሣል።

“ይቺ ሴት አብዳለች” አለ ሮስኮ። ግን እየፈራላት እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። እኔም ፈራሁላት። ማንም ካልተነሣ አርባ ዓመት የጠበቀችው ነገር በሰው ሁሉ ፊት ከእጇ ሊወድቅ ነው።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ባለ አራት እግር ምርኩዝ እየገፋ ወጣ። አስተናባሪው ሊደግፈው ሲል በእጁ መለሰው። ወደ ዘጠና የተጠጋ ሰው ነው፤ ቁመቱ ተሰብሯል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ከመኪና መኪና እያየ፣ እያረፈ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቃትን ሰማያዊ ፒክአፕ ሲያይ ወደኛ መጣ። ሮስኮ አወቀው። እጁ መሪው ላይ ሄዶ አረፈ፤ እኔም ቁልፉን ቀድሜ ነቀልኩ።

“ሚስተር ዶኪንስ” አለ ሽማግሌው በመስኮቱ። በዚያ ትውልድ ነጮች አፍ ውስጥ “ሚስተር” ለጥቁር ሰው የተሠራ ቃል አልነበረም። ሮስኮን አየሁት፤ ፊቱ አልተለወጠም።

“ዲን ሌድቤተር። አርጅተዋል።”

“አርጅቻለሁ። መዝሙሩ ማንን እንደሚጠራ ስለገባኝ ነው የመጣሁት።” ትንፋሹን ሰብስቦ ቆየ። “ያን ቀን እግዚአብሔር ያዘዘው ነው ያልኩት የእግዚአብሔር አልነበረም። ስናገረውም ልቤ አላመነበትም። ግን ቀጠልኩ፤ ወንበሬን እንዳላጣ ነው። በድዬዎታለሁ።”

ሮስኮ በእጁ የያዘውን ኦቾሎኒ ወደ ከረጢቱ መለሰ። መዝሙሩ ብቻ ይሰማል።

“እኔን የጠሩኝ ቀን አዳራሹ ሙሉ ነበር” አለ።

“ነበር።”

“እዚህ ያለነው ግን እኔ፣ ዊልበርትና የኦቾሎኒ ልጣጭ ነን። ዲን ሌድቤተር፣ በሰው ፊት ያዋረዱትን ሰው መኪና ማቆሚያ ላይ ይቅርታ አይጠይቁትም። እርስዎ ራስዎ ያስተማሩን ነው። በጉባኤ የተሠራ በጉባኤ ይነገራል።”

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞሮ አየ። “ልክ ነዎት” አለ። “ግን እግሬ እስከዚህ ነው ያመጣኝ። ያን መተላለፊያ ሁሉም እያየኝ… ብቻዬን የምጨርሰው አይመስለኝም።”

ውስጥ ኔልዳ መዝሙሩን እንደገና ከመጀመሪያው ያዘች። ሮስኮ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበለ። ምርኩዙ ሲወጣ ሰምታለችና ሰው መንገድ ላይ እንደሆነ ታውቃለች፤ አታቆምም። በሕይወቴ ያን ሰው እንደዚያ ሲያስብ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሱሪው ላይ ያለውን ልጣጭ አራገፈ፣ በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ኮሌታውን አስተካከለ።

“ዊልበርት፣ ምርኩዙን ያዝልኝ” አለ። የሽማግሌውንም ክንድ በክንዱ ውስጥ አስገባ።

እንዲህ ሆነን ገባን። ሮስኮ የዲኑን ክንድ ይዞ ከፊት፣ እኔ ያን ባለ አራት እግር ብረት ተሸክሜ ከኋላ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሮስኮ ያን መተላለፊያ ለመሄድ አልፈልግም ብሎ ዕድሜውን ፈጀ፤ አሁንም ተጠርቶ አልሄደበትም፤ የተጠራውን ይዞ ነው የሄደው። ቀስ ብለን ሄድን፣ ሽማግሌው ሲደክም አብረን ቆምን። ኔልዳ ጀርባዋን ሰጥታናለች። የሦስት ሰው ኮቴ መሬቱ ላይ ይሰማታል፣ ማን እንደሆነ ግን አላየችም፤ አልዞረችምም። እኔ ምርኩዙን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ፊት ስንደርስ ዲኑ ማይክሮፎኑን ያዘ። “ስሕተት አልተፈጸመም” አለ። “እኔ ፈጸምኩት። ቴርማን ሌድቤተር። ሮስኮ ዶኪንስንና ኔልዳ ሄምብሪን በእግዚአብሔር ስም ዋሽቼ አባረርኳቸው። የዚያን ቀን ጥሪ መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።” ፕሬዝዳንቱ ንግግሩ የተጻፈበትን ወረቀት መድረኩ ላይ ትቶ ወረደና ከሽማግሌው ጎን አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ምንም አልተናገረም፤ የዚያን ቀን የሠራው ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

ኔልዳ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ስንኝ ያዘች። ወጣት ሳለች እጇን ያነሣችበት ቦታ ደረሰች፣ አለፈችው፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ድምፁ አዳራሹ ውስጥ እስኪጠፋ እጇን ቁልፎቹ ላይ አቆየች።

ሮስኮ የዲኑን ክንድ ለፕሬዝዳንቱ አስረከበና ወደ ፒያኖው ሄደ። ከኋላዋ ቆመ። ኔልዳ ዞር አለች።

“ጠጋ በይ” አላት።